እሳት አልነበረም

የያዙኝ ለአንዲት እናት የደም ግፊት ክኒን እየቆጠርሁላቸው ሳለ ነው። አዘዞ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች ትንሽ መድኃኒት ቤቴ ውስጥ። ሁለት ታጣቂዎች ገቡ። አንደኛው መደርደሪያዬን በዓይኑ ዞር ዞር ብሎ ካየ በኋላ፣ "ይኼን ሁሉ ፋሻ የምትሸጠው ለማን ነው?" አለኝ።

"ለቆሰለ" አልሁት።

ያሾፍሁበት መሰለው። እውነቴን ነበር። ፋሻ የሚገዛኝ ሰው የቆሰለበትን ምክንያት አይነግረኝም፤ እኔም አልጠይቅም። ሴትዮዋ ክኒናቸውን በግማሽ ይዘው ወጡ። ቀሪውን ከማን እንደ ገዙ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የወሰዱኝ ከተማው ዳር ወዳለ የእህል መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታ ነው፤ ነቀዝ የሚገድለው የእህል መድኃኒት ሽታ። ሥራዬ ስለሆነ ወዲያው ለየሁት። "ይኼ ለእህል ነው እንጂ ለሰው አይሆንም" ብዬ በልቤ ተናገርሁ፤ ለማን እንደምናገር እንጃ። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። በሚስማር ቀዳዳዎቹ የሚገባው ብርሃን ሲሚንቶው ላይ ነጠብጣብ ሠርቷል። ከሠላሳ የማይበልጡ ወንዶች ጋቢያቸውን ተከናንበው በግድግዳው ዙሪያ ተቀምጠዋል። ወሩ ጥቅምት ነው። የጎንደርን የጥቅምት ብርድ በቆርቆሮ ቤት ያላየ ሰው ብርድ አየሁ ባይል ጥሩ ነው።

መድኃኒት ቤት እንዳለኝ ሲሰሙ በዚያው ቀን "ዶክተር" ብለው ሰየሙኝ። ዶክተር አይደለሁም፤ ፋርማሲ ነው የተማርሁት። ሁለት ጊዜ አርሜያቸው በሦስተኛው ተውሁት። ሰው በዚያ ቦታ ዶክተር ያስፈልገው ነበር።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። እኔ አላምንም። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ አላምንም፣ ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አንገቴ ላይ እናቴ ያሰረችልኝ ጥቁር ማተብ ነበር። ጾሙን በሰው ፊት እጾማለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ሳልፍ አማትባለሁ። ፈሪ ነህ ቢሉኝ አልከራከርም።

ታዲያ እዚያ መጋዘን ውስጥ፣ ሠላሳ ሰው መሀል፣ የማይፈራ ሰው አገኘሁ። ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጉልበቱን ቁርጥማት የሚያሠቃየው። አብረውን የታሰሩ አንድ የገጠር ቄስ ነበሩ፤ ምሳ ሲመጣ እሳቸው ይባርካሉ፣ ሁሉም ተነሥቶ ያማትባል። መምህሩ ተቀምጦ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እስኪጨርሱ በጨዋ ደንብ ይጠብቃል። በገባሁ በሁለተኛው ቀን አንዱ፣ "አያ፣ ምነው አታማትብ?" አለው።

"አላምንም እኮ" አለ መምህሩ፤ ወተት አልወድም እንደሚል ሰው።

እንዲህ ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር። ይመቱታል ብዬ ጠበቅሁ። አንዳንዱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሱ ጋር መብላት ተወ፤ ሌላው ግን ሽማግሌ ነው ብሎ አለፈው። ቄሱ ራሳቸው፣ "ይበላ፣ እህል የእግዚአብሔር ነው" አሉ።

መምህሩ ስኳር አለበት። ኢንሱሊኑንና መርፌውን ጠባቂዎቹ ክፍላቸው ውስጥ ያስቀምጡለታል። ጠዋት ጠዋት ያመጡልናል፤ እኔ እወጋዋለሁ፤ መርፌውን ወዲያው ይመልሳሉ። ከዚያ እህቱ ከጎንደር ወጣ ብላ ካለችው ከፀዳ ስንቅ ይዛለት ትመጣና ይበላል። እጄ ላይ የነበረው ሕይወቱ ነበር ማለት ይቻላል። አንድ ጠዋት ክንዱን ይዤ በጆሮው ጠየቅሁት፤ "ጋሼ፣ እውነት መሞት አትፈራም?"

"አሟሟቱን እፈራለሁ። ሕመም አልወድም። መሞቱን ግን ምኑን ልፍራው?" አለና በቀዳዳው ወደ ከተማው በኩል አየ። "እኛ አገር ያ ሁሉ ግንብ ሲሠራ የት ነበርሁ? የትም። አንድ ቀን ምነው ሳልኖር አመለጠኝ ብዬ አልቅሼ አላውቅም። ወደዚያው ነው የምመለሰው።"

"እኔም..." ብዬ ጀመርሁ። አልጨረስሁትም። እሱም ማተቤን አየት አደረገ። የገባው ይመስለኛል።

ከመሀላችን ግን ሞት እውነት የገባበት ሰው ሌላ ነበር። ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ያለ ገበሬ ነው፤ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ድምፁ የማይሰማ። ልጁ ከገበያ ሲመለስ መንገድ ላይ በጥይት ተመታ። ማን እንደ መታው አልተነገረም። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ስለነበር መንገድ ዳር ቀበሩት፤ ካህን አልነበረም፣ ፍትሐት አልተደረገለትም። ንስሐም ሳይገባ ነው የሞተው። አባቱን ከለቅሶው ድንኳን አንስተው አመጡት።

ይኼ ሰው አይበላም ማለት ይቻላል። አንድ ጉርሻ፣ ሁለት ጉርሻ፣ ለሰው ይሉኝታ። ከቤት የላኩለት በሶ በጨርቅ እንደ ተቋጠረ ራስጌው ተቀምጧል፤ ነክቶት አያውቅም። በየቀኑ ቄሱ አጠገብ ሄዶ ይቀመጥና አንድ ጥያቄ ይጠይቃል።

"አባ፣ ልጄ እሳት ውስጥ ነው?"

"የእግዚአብሔር ምሕረት ሰፊ ነው፣ ልጄ።"

"ሰፊ መሆኑን ይነግሩኛል፤ ልጄ ውስጡ መኖሩን ግን አይነግሩኝም።"

ቄሱ አንገታቸውን ይደፋሉ። ደግ ሰው ነበሩ፤ የማያውቁትን አውቃለሁ አይሉም። እኛ ግን አላስቻለንም። አንዱ ተነሣና ልጅህን በሕልሜ አየሁት፣ ነጭ ለብሷል አለው። በማግሥቱ ሌላው ደግሞ አየው። ከሳምንት በኋላ ያላለመ ሰው አልቀረም። እኔም አለምሁ፤ እኔ የማላምነው። ልጁን ለምለም መስክ ላይ፣ ወንዝ ዳር አስቀምጬ ነገርሁት። ገበሬው ሁላችንንም አመሰገነ። ግን አልበላም።

መምህሩ ብቻ ምንም አላለመም። አንድ ከሰዓት ገበሬው ራሱ ሄደና፣ "አንተስ አያ፣ ምን ትላለህ? የተማርህ ሰው ነህ" አለው።

"አላውቅም" አለው መምህሩ። "ልጅህን ግን አላውቀውም፤ ንገረኝ እስቲ። ምን ዓይነት ሰው ነበር?"

ገበሬው ተቀመጠ። ልጁ በሬ ሲጠምድ እንዴት እንደሚዘፍን፣ ገና በልጅነቱ ከፈረስ ወድቆ ክንዱ እንደ ተሰበረ፣ ለማግባት እንዳሰበ፣ ልጅቱ ማን እንደሆነች። መምህሩ ጀርባውን ቆርቆሮው ላይ አስደግፎ፣ ብርሃኑ ከወለሉ እስኪጠፋ አዳመጠው። ሌሎቻችን ስናጽናናው ኖረን ስለ ልጁ አንድ ነገር አልጠየቅነውም ነበር።

አሁን ወደዚያ ቀን ልመጣ።

ጠዋት ጠባቂው መርፌውን አመጣ። ችኩል ነበር። "ቶሎ በል" ሲለኝ ወጋሁት። እህቱ ስንቅ ይዛ መምጣቷን አልጠየቅሁም፤ ቀርታ አታውቅማ። ያን ቀን ግን ጠያቂዎችን ሁሉ ከበር መልሰዋቸዋል። እኔ ይኼን ሳላውቅ ስሜ ተጠራና ለጥያቄ ወሰዱኝ።

እጄን ወደ ኋላ በሲባጎ አሰሩኝ። ስለ ፋሻው ጠየቁኝ። ሌላውን ልተወው።

ስመለስ ፀሐይ ከፍ ብላለች። በሩ ሲከፈት ሰው ሁሉ ቆሟል። መምህሩ ጥግ ላይ በጀርባው ተኝቷል። አፉ ተከፍቷል። ጉንጮቹ ወደ ውስጥ ገብተዋል።

"ዶክተር፣ እየው እስቲ" አሉኝ። "ሲያንቀጠቅጠው ነበር፤ ከዚያ ዝም አለ።"

ተንበረከክሁ። ግንባሩን በክንዴ ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነው፣ እርጥብ ነው። የእጁን አንጓ ያዝሁ። ጠበቅሁ። ምንም። አንገቱን ያዝሁ። ምንም። ቀና ስል ሁሉም አፌን ያያሉ።

"አልፏል" አልሁ።

ይኼን ቃል በልቤ ስንት ጊዜ እንዳረምሁት የማውቀው እኔ ነኝ። ጣቶቼ ሲባጎው አንጓዬን ከበላው ወዲያ ምንም አይሰማቸውም ነበር። የራሴን ጉንጭ ብነካው እንኳ አላውቀውም። ደግሞ የሞተ ሰው አያልበውም፤ ይኼን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። ኢንሱሊን ተወግቶ ያልበላ ሰው ምን እንደሚሆን ለስንት ሰው በመድኃኒት ቤቴ መስኮት ስናገር የኖርሁት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ግን ጭንቅላቴ የቀረው ከሲባጎው ጋር ነበር።

በሩን ደበደብን። ጠባቂው በቀዳዳ አየና፣ "ማኪና እስኪመጣ እዚያው ይቆይ" ብሎ ሄደ።

ሬሳ ከሆነ ደግሞ እንደ ሬሳ መያዝ አለበት። ገበሬው ዓይኑን ከደነለት፤ አገጩን በሻሽ አሰረለት። እጆቹን አስተካከለ። የእግሩን አውራ ጣቶች ማሰሪያ ክር ፈለጉ፤ ክር የለም። ያን ጊዜ እጄን ወደ አንገቴ ሰድጄ ማተቤን በጠስሁት። ለምን እንዳደረግሁት ብጠየቅ፣ ቅርብ ያለው ክር እሱ ስለነበር ነው። ሰዉ ግን ሌላ ነገር አየ። "የገዛ ማተቡን!" አሉ። አንድ ሽማግሌ መጥተው ትከሻዬን ሳሙኝ። አፈርሁ። ገበሬው የመምህሩን ሁለት አውራ ጣቶች በእኔ ጥቁር ክር አጠጋግቶ አሰረ።

ከዚያ ጭቅጭቅ ተነሣ። "የክርስትና ስሙን የሚያውቅ አለ?" አሉ ቄሱ። ማንም አያውቅም። አንዱ ከወዲያ፣ "አባ፣ ከሃዲ እኮ ነው፤ ራሱ የተናገረውን እንዴት ይፈቱታል?" አለ። ሁለት ሦስት ሰው አጉረመረመ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ፤ ሰውየውን ያያሉ፣ እኛን ያያሉ።

ገበሬው ተነሣ። ሁላችንም ድምፁን ጮክ አድርጎ ሲናገር ያን ቀን ሰማነው።

"ልጄ ያላገኘውን ይኼ ሰው ያግኝ። ይፍቱት አባ። ምነው፣ ሰው አይደለም?"

ቄሱ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው፣ "ስሙን ፈጣሪ ያውቀዋል" ብለው ጀመሩ። መጽሐፍ የለ፣ ጧፍ የለ፣ በቃላቸው የሚያውቁትን ያህል። ግዕዙ በቆርቆሮው ቤት ውስጥ ሲያስተጋባ ሁሉም ማልቀስ ያዘ። እኔም አለቀስሁ። መምህሩ ይኼን ቢሰማ ምን ይል ነበር ብዬ አሰብሁ፤ አሰብሁና ይብስ አለቀስሁ። የሰው እምነት ብቻ ሳይሆን የሰው አለማመንም ይነጠቃል ለካ፤ ያውም በፍቅር።

ገበሬው በእግሩ በኩል ተቀምጦ ነበር። በድንገት ክንዴን ያዘኝ።

"ዶክተር፣ ጣቱ ተነቃነቀ።"

"ጡንቻ ነው" አልሁት። "ሰው ከሞተ በኋላም ጡንቻው ይንቀሳቀሳል።"

አምኖኝ ክንዴን ለቀቀ። ይኼንም እናገራለሁ፣ ሳላፍር ሳይሆን እያፈርሁ፤ ያቺን ሰዓት መምህሩን ለሁለተኛ ጊዜ ገደልሁት። አንዴ አልፏል ብያለሁና የተናገርሁት እንዳይፈርስብኝ ነው። ቄሱ ቀጠሉ። ጥቂት ቆይቶ ገበሬው እኔን ሳይጠይቅ ጎንበስ አለና ጆሮውን ከመምህሩ አፍ ላይ አደረገ። ረጅም ጊዜ እንደዚያው ቆየ።

"ይተነፍሳል" አለ።

የሆነውን ለመግለጽ ቃል አጣለሁ። ከፊሉ ሰው ወደ ግድግዳው ሸሸ፤ ቆርቆሮው ሁሉ ነጎደ። አንዱ በግንባሩ ተደፋ። ቄሱ መስቀላቸውን እንዳነሡ አፋቸው ተከፍቶ ቀርቷል። እኔ ግን የዚያን ጊዜ ነቃሁ፤ ሁሉ ነገር አንድ ላይ መጣልኝ። መርፌው። ያልመጣው ስንቅ። ላቡ። "ስኳር!" ብዬ ጮህሁ። "ስኳር ያለው! ቶሎ!" አንዱ ለሻይ ያስቀመጣትን በላስቲክ የተቋጠረች ስኳር ወረወረልኝ። የአገጩን ሻሽ ፈታን፤ ወደ ጎን አዞርነው፤ ስኳሩን በውሃ እያራስሁ በጣቴ ድዱን አሸሁለት። ደጋገምሁ። ጣቴ አይሰማኝም፤ ግን አሸሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ከንፈሩ ጣቴን መጥባት ጀመረ።

ዓይኑን ሲከፍት ሁላችንም ላዩ ላይ ነበርን። ቄሱን አየ፤ መስቀሉን አየ። እግሩን ሊያጥፍ ሞክሮ አቃተው። ቀና ብሎ ወደ ታች አየ።

"መታሰሬ አልበቃ ብሏችሁ እግሬንም አሰራችሁት?" አለ።

የሳቀም ያለቀሰም ነበር። እኔ ሁለቱንም አደረግሁ።

ከዚያ ሁሉም አንድ ነገር እያሰበ መሆኑ ገባኝ፤ እየተገፋፉ ቀረቡ። ከሱ ጋር መብላት የተዉት ሰዎች ከፊት ሆኑ። ማን እንደ ጠየቀው አላስታውስም። "ምን አየህ?" አለው አንዱ። ሌላው ተከትሎ፣ "ምን አለ? እዚያ ምን አለ?"

እዚያ መጋዘን ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ነገ ስሙ ተጠርቶ የት እንደሚወሰድ አያውቅም። የጠየቁት ለወሬ አልነበረም። ገበሬው ከሁሉም ኋላ በጉልበቱ ቆሟል፤ ፊቱ ያስፈራል። ጎንበስ ብዬ በመምህሩ ጆሮ፣ "ብርሃን አየሁ በላቸው፣ ጋሼ። ምን ይጎዳሃል?" አልሁት።

መምህሩ ዓይኔን አየኝ። ያዘነልኝ መሰለኝ። ከዚያ ለሁሉም እንዲሰማ ተናገረ።

"ምንም አላየሁም።"

ሰዉ አጉረመረመ። ገበሬው ሰው እየገፋ ወደ ፊት መጣ።

"እሳትስ?"

"ምን?"

"እሳት አያ። እሳት አልነበረም?"

መምህሩ የሚጠየቀው ምን እንደሆነ ገባው። እጁን ዘርግቶ የገበሬውን ክንድ ያዘ።

"እሳት አልነበረም" አለው ቀስ ብሎ። "ብርድም አልነበረም። ይኼ የጉልበቴ ቁርጥማት እንኳ አልነበረም። ማንም አልጠየቀኝም። ማንም አልነካኝም።"

"ንስሐ ገብተህ ነበር?"

"ምኑን ገብቼ! ከሃዲ ነኝ እኮ፤ ሁሉም ያውቃል።"

ገበሬው ይኼን ሰምቶ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ለራሱ እንደሚናገር ሆኖ፣ "አንተን ያላቃጠለ ልጄን አያቃጥለውም" አለ።

ሁላችንም ወደ ቄሱ ዞርን። አንድ ቃል ይበቃቸው ነበር። ይኼ ሰው አልሞተም፣ ስቶ ነው የነቃው፣ ያልሞተ ሰው ስለዚያኛው ዓለም አይመሰክርም ማለት ይችሉ ነበር። መምህሩም ይችል ነበር፤ ውሸት የማይወድ ሰው ነው። ሁለቱም ዝም አሉ። ገበሬው ግን ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

"ዶክተር፣ ሞቶ ነበር አይደል?"

ሲባጎው የበላውን አንጓዬን አየሁ። "እጁን ይዤ ነበር" አልሁት። "ትርታ አላገኘሁም።"

እውነት ነው። በሕይወቴ እንደዚያች ዓረፍተ ነገር የከበደኝ እውነት የለም። መምህሩ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም።

ቄሱ ጎንበስ አሉ። በመምህሩ እግር አጠገብ፣ ሲሚንቶው ላይ፣ በዚያ ዕድሜያቸው ተንበረከኩ። የተቋጠረውን ክር በጥርሳቸው አላልተው ፈቱት። የታሰረበትን ቦታ በመዳፋቸው አሹለት። "ሳላስፈቅድህ ፈታሁህ፣ ይቅር በለኝ" አሉት።

"ደከሙ፣ አባ" አለ መምህሩ። "ሸጋ ድምፅ አለዎት ይላሉ፤ እኔ ነኝ ሳልሰማዎት የቀረሁ።"

ክሩን ለእኔ ዘረጉልኝ። ተቀብዬ ኪሴ ከተትሁት።

ገበሬው ራስጌው ሄዶ የበሶውን ቋጠሮ ፈታ። ውሃ ለመነና ለወሰው። መጀመሪያ ለመምህሩ ሰጠ፤ ቀጥሎ ለቄሱ፤ ቀጥሎ ለሁላችንም በእፍኝ በእፍኝ አደለን። መጨረሻ ላይ ራሱ በላ።

መምህሩ ከእኔ ቀድሞ ተፈታ። እኔም ተፈታሁ፤ ስለ ፋሻው ዳግመኛ የጠየቀኝ ሰው የለም። መምህሩን ፀዳ ድረስ እየሄድሁ እጠይቀው ነበር። ኩላሊቱ እየደከመ ሄደ። እህቱ ስታለቅስ፣ "እንደ ፈለግሽ ቅበሪኝ፤ ሥርዓቱ የአንቺ ነው፣ እኔ አልሰማውም" ይላታል። ስለ እኔ ስህተት ሳንነጋገር ቀርተናል። አንድ ቀን ብቻ መርፌ ልወጋው ስል፣ "በልቻለሁ፣ አይዞህ" አለኝ። የሞተው እንቅልፍ ላይ ሳለ ነው። ያን ቀን እጁን ይዤ ብዙ ጊዜ ቆየሁ። እህቱን ወጥታ እንድትጠብቅ ካደረግሁ በኋላ ጆሮዬን አፉ ላይ አድርጌ እንደገና ጠበቅሁ። የተማርሁት ከገበሬው ነው።

ገበሬው ከአምባ ጊዮርጊስ በአውቶቡስ ለቀብሩ መጣ። ማን እንደ ነገረው አላውቅም። ሁሉም ሲያለቅስ አላለቀሰም። ሰዉ ሲበተን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁትና ፊቱ ቆምሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ነገር ልቤን ሲበላኝ ኖሯል። ያታለልነው ሰው ነው፤ እኔ ነኝ ያታለልሁት።

"አያ፣ ያን ቀን የነገርሁህ..." አልሁት። "እጄ ደንዝዞ ነበር። ትርታ ያላገኘሁት ለዚያ ነው። አልሞተም ነበር።"

ቀና ብሎ አየኝ። የተገረመ አይመስልም።

"ትንፋሹን የሰማሁት እኔ አይደለሁ እንዴ?" አለኝ።

ለካ ያውቅ ነበር። ከሁላችንም በፊት ያወቀው እሱ ነው።

"ታዲያ ምነው ጠየቅኸኝ?"

"ትዋሸኝ እንደሆነ ለማወቅ። ሁላችሁም ሕልም ስታዩልኝ ከረማችሁ፤ ደግ ናችሁ፣ ግን እንደምትዋሹ አውቃለሁ። ሁሉም ሰው ከዋሸኝ ልጄ በእርግጥ እሳት ውስጥ ነው ብዬ ነበር፤ እሳት ውስጥ ባይሆን ለምን ይዋሹልኛል?" አፈር የያዘ እጁን ጉልበቱ ላይ ጠረገ። "እሱ ግን ምንም አላየሁም አለኝ። ብርሃን ቢለኝ አላምነውም ነበር። ያለውን ሰጠኝ፤ የሌለውን አልሰጠኝም። እሳት አልነበረም ሲለኝ ታዲያ አመንሁት።"

ባዶ አንገቴን አየ።

"ማተብህስ?"

"ከእሱ እግር ላይ ከተፈታ ወዲህ አላሰርሁትም።"

"ታምናለህ?"

አጥሩ ዳር የቀረውን ሰው፣ ወደ መኪናው የሚሄዱትን ቄሶች አየሁ። "አላምንም" አልሁት። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው።

"መሞትስ? ትፈራለህ?"

"በጣም።"

"ሸጋ" አለ። "እኔም አምኜ እፈራለሁ።" ከድንጋዩ ላይ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።

ተቀመጥሁ። አውቶቡሱ እስኪደርስ አብረን ጠበቅን። ክሩ አሁንም መድኃኒት ቤቴ ነው፤ ከኢንሱሊኑ ማቀዝቀዣ በላይ ባለው መሳቢያ ውስጥ። ኢንሱሊን የሚገዛ ሰው ሲመጣ መሳቢያውን ባልከፍተውም አስታውሰዋለሁ። ገንዘቡን ከመቀበሌ በፊት፣ "ዛሬ በልተዋል?" ብዬ እጠይቃለሁ።